ተጨማሪ መረጃ፦ ደፋሩ የሸክላ አሳታሚ

በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የሙዚቃ ሸክላ ማስቀረጽና ማሳተም በሕግ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ መብት ነበር። በ1961 ዓ.ም. (1969 እ.ኤ.አ.) ግን ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረው የሙዚቃ ቤት ባለቤት አምሃ እሸቴ ክልከላውን ደፍሮ አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ። የመጀመሪያው ሸክላ የድምፃዊ ዓለማየሁ እሸቴ ነበር።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ድምፃዊውና ባንዱ በአንድነት ተጫውተው ስለሚቀረጹ አንድ ሰው ከሳተ ዘፈኑ ከ«ሀ» ይጀመር ነበር። በደቂቃ 45 ጊዜ የምትሽከረከረው ትንሿ ሸክላ በአንድ ገጿ የምትይዘው ጥቂት ደቂቃ ብቻ በመሆኑ፣ በምሽት ክበብ እንደ ልብ የሚረዝመው ዘፈን እዚህ መሰብሰብ ነበረበት። በአገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ድምፁ የተቀረጸበት ክር ተጭኖ መጀመሪያ ወደ ሕንድ፣ በኋላም ወደ ሊባኖስ ይላክ ነበር። ሸክላው ታትሞ ሲመለስ አዲስ አበባ ፒያሳ ይሸጥ ነበር።

አምሃ ከአብዮቱ በኋላ፣ በ1975 እ.ኤ.አ.፣ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ሲዲ ዓለም የሰማቸው ብዙዎቹ ዘፈኖች የተገኙት ከአምሃ ክሮች ነው።