ኩርስ የጨረሰ ሁሉ ኃላፊ ይሆናል?

ልጅዎ «የአመራር ኩርስ ልገባ ነው» ብላ ስትመጣ፣ እልል ከማለትዎ በፊት አንድ ነገር ይጠይቋት፤ ትምህርቱ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው ወይስ ሥራው ላይ?

እኛ ነርሶች ልዩነቱን አይተነዋል። አንድ ጊዜ ሁለት ቀን ሙሉ ቁጭ ብለን ስለ አመራር አዳመጥን፤ ቡናው ጥሩ ነበር። በሳምንቱ በሌሊት ፈረቃ ሁለት ሠራተኛ ሲቀር ግን ማን ማንን እንደሚያዝ ያወቀ አልነበረም።

ከሃይፋ ወደብ አጠገብ ያለው ራምባም ሆስፒታል የመንግሥት ነው። ከመሬት በታች ያለው ባለ ሦስት ፎቅ የመኪና ማቆሚያው፣ ጦርነት ሲመጣ በ72 ሰዓት ውስጥ 2,000 አልጋ ያለው ሆስፒታል እንዲሆን ተደርጎ ነው የተሠራው። ይህን በወረቀት ብቻ ተምሮ መምራት አይቻልም። የትኛው ሕመምተኛ ቀድሞ ይወርዳል፣ ኦክስጅኑን ማን ይይዛል የሚለው የሚለመደው አልጋውን እየገፉ ነው።

በ2011 የተሻሻለው የመንግሥት ሠራተኞች ሹመት ሕግ፣ የኢትዮጵያ ተወላጆች በየደረጃው ተገቢ ውክልና እንዲኖራቸው ያዝዛል። «በየደረጃው» የምትለዋን ቃል ያዙልን፤ በጽዳትና በጥበቃ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ልጅዎ ከመፈረሟ በፊት ትጠይቅ፦ በኩርሱ ጊዜ እኔ የምመራው ፈረቃ አለ? አጠገቤ ቆሞ የሚያርመኝ ነባር ኃላፊ ማነው? ለሚክራዝስ ይቆጠርልኛል? መልሱንም በጽሑፍ ትቀበል።