የጉዛራ ኖራ

«እንፍራዝ ላይ ወራጅ አለ!» ስል የሚኒባሱ ረዳት ዞር ብሎ አየኝ። «ጎንደር ድረስ አይደል እንዴ የከፈልከው?» አለኝ። ነው። ከባሕር ዳር ስነሳ ሙሉውን ከፍያለሁ። መልስ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልሰጠኝም። በኋላ ሳስበው የጉዛራ ግንብ መግቢያ ትኬቴ ያ ገንዘብ ነበር።

በዚህ መንገድ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አላውቀውም። ወረታ፣ ይፋግ፣ አዲስ ዘመን ይታለፋል፤ ጣና በስተግራ ብልጭ ይልና ይጠፋል፤ እንፍራዝ ሲቃረብ ከኮረብታ አናት ላይ ጫፉ የተሸራረፈ ግንብ ብቅ ይላል። ተሳፋሪው ያየዋል፣ ያልፈዋል። እኔም እያየሁ አልፌው ኖሬያለሁ። ጎንደር ስደርስ ደግሞ ሌላው ሰው እንደሚያደርገው ፋሲል ግቢ ትኬት ቆርጬ እገባለሁ። በዚያን ዕለት ግን ጥቅምት ነበር፣ አየሩ ጥርት ብሎ ነበር፣ የምቸኩልበት ጉዳይም አልነበረኝም።

ከከተማዋ እስከ ኮረብታው ሩቅ አይደለም። አስር ዓመት የሚሆነው ልጅ «ጋሼ፣ ግንቡን ነው?» ብሎ መልስ ሳይጠብቅ ፊት ፊት መሄድ ጀመረ። ዳገቱን እሱ በባዶ እግሩ እየዘለለ፣ እኔ በጫማ እያለከለክሁ ወጣነው። አናቱ ላይ ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት ግንቡን ሳይሆን ውኃውን ነው። ጣና ከዚያ ሲታይ ሐይቅነቱ ይቀርና ባሕር ይሆናል፤ ወዲያ ማዶው አይታይም። ታች እስከ ሐይቁ ድረስ በተዘረጋው ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ጤፉ ገና አረንጓዴ ነበር። ቦታውን የመረጠው ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ቀለቡንም ጠላቱንም ከአንድ መስኮት ማየት ይፈልግ ነበር።

ግንቡ ባለ አንድ ፎቅ ነው። ከጥቁር ድንጋይ የተሠራ፣ ማዕዘኑ ላይ ክብ ማማ ያለው፤ ፋሲል ግቢን ያየ ሰው ወዲያው «ይሄን የማውቀው ይመስለኛል» የሚለው ዓይነት ነው። እጄን ግድግዳው ላይ አሳረፍኩ። ድንጋዩ ከፀሐይ ሞቆ ነበር፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ነጭ ኖራ ግን ቀዝቃዛ ነው። ከግድግዳው ሥር የእንቁላል መጠን ያላት የኖራ ጓል ወድቃ አገኘሁ። አንስቼ አገላበጥኳት። ነጭ፣ ሻካራ፣ ውስጧ የአሸዋ ቅንጣትና አንድ ሁለት የጠቆሩ ነጠብጣቦች አሉባት። ኪሴ ከተትኳት።

ከግንቡ በታች አንድ አዛውንት ለሽምብራ ማሳቸውን ያርሳሉ። በሬዎቻቸውን አቁመው መጡ።

«ደህና ዋሉ፣ አባቴ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ደህና ዋልክ፣ ልጄ? ከወዴት ነው?»

ነገርኳቸው። ግንቡን ማን እንዳሠራው ስጠይቃቸው ጥያቄው ራሱ ገረማቸው። «አፄ ሠርፀ ድንግል ነዋ!» አሉ፣ የጎረቤታቸውን ስም እንደሚጠሩ ሁሉ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ጠቆሙና «ይኼን ዝም ብሎ ኖራ እንዳይመስልህ። በእንቁላል ነው የተቦካው» አሉኝ። የእንቁላሉን ነገር ጎንደርም ሰምቼዋለሁ። ወሬው እውነት ከሆነ የዚያ ዘመን የበጌምድርና የደምቢያ ዶሮዎች አንድም ቀን ዐርፈው አያውቁም።

ይሄኔ ልጁ ኪሴን እያየ «ጋሼ፣ እሱንስ ወዴት ነው?» አለ። አዛውንቱ አልተቆጡም። «ልጄ፣ ከዚህ የወደቀ እዚሁ ይደር» ብቻ አሉ። አፍሬ ጓሏን አወጣሁና ግድግዳው ሥር ካለ ስንጥቅ ውስጥ አስገባኋት። ልቤ ግን አብሯት ቀረ።

ወደ ቤቴ ተመልሼ መጻሕፍት ሳገላብጥ የሠርፀ ድንግል ነገር መጀመሪያ ላይ ልክክ አለልኝ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሠርፀ ድንግል የአፄ ሚናስ ልጅ ነው፤ በልጅነቱ በ1563 ነገሠ፣ በ1597 ሞተ። ከእሱ በፊት የነበረው ትውልድ ከ1529 እስከ 1543 በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦርነት ተንጧል፤ ቀጥሎ የኦሮሞ ሕዝብ መስፋፋት መጣ። ቤተ መንግሥቱ ከሸዋ ወደ ሰሜን ምዕራብ እየሸሸ ጣና ዙሪያ ሰፈረ። ከዚያ በፊት ንጉሥ ማለት ድንኳን ማለት ነበር፤ ከተማ የሚለው ቃላችን ራሱ መጀመሪያ የጦር ሰፈር ማለት ነው። ሠርፀ ድንግል ደግሞ ክረምቱን የሚከርምበት ጉባኤ የተባለ መቀመጫ በዚሁ በእንፍራዝ ነበረው። ዜና መዋዕሉም አይባ በተባለ ቦታ ላይ ግንብ እንዳሠራ ይናገራል። በ1579 ደባርዋን ከቱርኮች እጅ አስለቅቋል፤ ምሽግ ምን እንደሚመስል በዓይኑ አይቷል። እንግዲህ ፋሲለደስ ጎንደርን በ1636 ከመቆርቆሩ ከግማሽ ምዕት ዓመት በፊት የጎንደር ግንቦች አባት እዚህ ኮረብታ ላይ ቆሞ ነበር ማለት ነው። በቃ፣ ታሪኩ አለቀ አልኩ።

አላለቀም። ያስቸገረኝ ያው ኖራው ነው።

ኖራ ከተራ ድንጋይ አይወጣም። የኖራ ድንጋይ ያስፈልጋል፤ እሱም በምድጃ ውስጥ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እስኪደርስ ይቃጠላል። ሲቃጠል ውስጡ የታመቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወጥቶ ይሄዳል። የቀረው በውኃ ሲበርድ እየጨሰ ይፈርሳል፤ ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ በድንጋዮች መካከል ሲገባ ያንኑ ጋዝ ከአየር እየሳበ ቀስ በቀስ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ጣና ዙሪያ ያለው አገር ግን እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ነው። ለኖራ የሚሆን ድንጋይ በየመንገዱ አይወድቅም። ድሮ የነበሩት ግንበኞቻችን፣ ጎበዞች ቢሆኑም፣ በጭቃ ይገነቡ የነበረው ለዚህ ነው።

ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ጽፈው ያቆዩት ነገር ደግሞ አለ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1620ዎቹ ገደማ፣ ከሕንድ የመጣ ሰው ለኖራ የሚሆን ድንጋይ በአገራችን አገኘ። ሲገልጹት ቀላል፣ ነቀዝ የበላው የሚመስል ድንጋይ ይሉታል። ግኝቱን የጻፉት እንደ ትልቅ ዜና ነው። ቀደም ብሎ በ1614 ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ ለሱስንዮስ ጎርጎራ ላይ ባለ ፎቅ ቤተ መንግሥት ሲያሠራ ይሄ ድንጋይ ገና አልተገኘም ነበር።

እዚህ ላይ ቆሜ ደጋግሜ አነበብኩ። ጉዛራ በሠርፀ ድንግል ዘመን፣ በ1570ዎቹ፣ በኖራ ተገንብቶ ከሆነ፣ ከሐይቁ ወዲያ ወዲህ የሚመላለሱት የሱስንዮስ ሰዎች ከሃምሳ ዓመት በኋላ ኖራ ተገኘ ብለው ለምን ይደነቃሉ? ኮረብታው ከእንፍራዝ ሜዳ ሁሉ ይታያል። እንዲህ ያለ ነጭ መገጣጠሚያ ያለው የንጉሥ ቤት ቆሞ እያለ ማንም አላየውም ማለት ነው? ከአጥኚዎች መካከል የጉዛራን ዕድሜ የሚጠራጠሩ ያሉት ያለ ነገር አይደለም።

ሌላው ያወዛገበኝ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። በ1770 በእንፍራዝ አልፏል። ቤቶቹ ከገደላማው ኮረብታ ወገብ ላይ ፊታቸውን ወደ ምዕራብ አዙረው የተሠሩ፣ ቁጥራቸውም 300 ገደማ እንደሆነ ጽፏል። ከዚያ ሐይቁ ሁሉ እንደሚታይ፣ ቦታው ድሮ የነገሥታት መቀመጫ እንደነበረም ያነሳል። በአንዲት ትንሽ ኮረብታ ላይ አራት ማዕዘን ግንብ የመሰለ፣ ወደ ፍርስራሽነት እየሄደ ያለ ቤት አይቷል። የማን ነው ብሎ ሲጽፍ ግን የሠርፀ ድንግልን ስም አይጠራም፤ የአፄ ዮሐንስ ይለዋል። ቀዳማዊ ዮሐንስ የፋሲለደስ ልጅ ነው፤ የነገሠው ከ1667 እስከ 1682 ነው። ጉዛራን ማለቱ ከሆነ የዛሬ 250 ዓመት ግድም የእንፍራዝ ሰው ግንቡን የሚጠራው በሌላ ንጉሥ ስም ነበር ማለት ነው።

ብሩስን ፍለጋ ስቆፍር ከእሱ 70 ዓመት የሚቀድም ሌላ እንግዳ አገኘሁ፤ እዚህ ላይ ከግንቡ ወርጄ መንደሩ ውስጥ ትንሽ ብቆይ አይፈረድብኝም። ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ አፄ ኢያሱን ለማከም ከካይሮ ተጠርቶ በ1699 ጎንደር ገባ። እንፍራዝንም አይቷታል። ከጎንደር ብታንስም ይበልጥ ደስ የምትል ከተማ ሆና አገኛት፤ ቤቶቿ በአበባና በፍሬ በተሸፈኑ አረንጓዴ አጥሮች የተለያዩ ናቸው፤ የንጉሡ ቤት ከፍ ካለ ቦታ ላይ ሆኖ ከተማዋን በሙሉ ያያል። ሙስሊሞች እምነታቸውን በግልጽ የሚፈጽሙባት፣ ቤታቸውም ከክርስቲያኑ ቤት ጋር የተደባለቀባት ከተማ እንደሆነችም ለይቶ ጽፏል።

ሀብቷ ደግሞ ጥርኝ ነበር። ፖንሴ እያንዳንዳቸው 300 ጥርኝ የሚያረቡ ነጋዴዎች እንዳሉ ይናገራል። ጥርኟ በሳምንት ሦስት ቀን ጥሬ ሥጋ፣ በሌላው ቀን በወተት የተሠራ ገንፎ ትበላለች። በሳምንት አንድ ቀን ቅባቷ እየተፋቀ ይወሰድና በበሬ ቀንድ ውስጥ ይታሸጋል። ያ ዝባድ ነው፤ ከዚያ ቀንድ ውስጥ ወጥቶ ባሕር ተሻግሮ የሽቶ መሥሪያ ይሆናል። አንድ ነጋዴ ሦስት መቶ ጥርኝ በሳምንት ሦስት ቀን ሥጋ የሚቀልብበት ከተማ ድሃ አልነበረም። የዛሬዋን የመንገድ ዳር እንፍራዝ፣ ቆሎ ሻጮቿንና ባጃጆቿን ሳስብ ያን ሽታ በዓይነ ልቦናዬ ማምጣት አልቻልኩም። ወደ ጉዛራ የሚወጣ ሰው ለግንቡ ብቻ ከመጣ ግማሹን ትቶት ሄዷል ባይ ነኝ።

ወደ ግንቡ ልመለስ። ታዲያ የማን ነው?

ሁለት መልስ ብቻ ያለ መስሎኝ ነበር፤ አዛውንቱ ልክ ናቸው ወይም ብሩስ ልክ ነው። ቆይቶ ግን የነገሥታት ቤት እንደ ጎጆ ቤት እንደሆነ ትዝ አለኝ። ጎጆ በየጊዜው ሣሩ ይለወጣል፣ ጭቃው ይመረጋል፣ ግን ያው የእገሌ ቤት ነው። ሠርፀ ድንግል በዚሁ በእንፍራዝ ክረምቱን ይከርም የነበረ ንጉሥ ነው። መሠረቱን እሱ ጥሎት፣ በጭቃ ያቆመውን ግድግዳ በኋላ የመጡት በኖራ አድሰውት፣ ፎቁንና ማማውን ጨምረውበት ቢሆን ዜና መዋዕሉንም፣ ሚሲዮናውያኑንም፣ ብሩስንም የሚያስታርቅ መልስ ይሆናል። ማማው ከፋሲል ግንብ ማማ ጋር መመሳሰሉም አዲስ ትርጉም ያገኛል። እኛ አባትና ልጅ ያልናቸው ወንድማማቾች ሊሆኑ ይችላሉ። የእኔ ፍርድ ይሄ ነው፦ ቦታው የሠርፀ ድንግል ነው፤ በእጄ የዳሰስኩት ኖራ ግን የእሱ አይመስለኝም።

ይህን ግምት ከግምት የሚያወጣው ምስክር ደግሞ እዚያው ኮረብታ ላይ ነው። ኖራ ሲደርቅ ከዘመኑ አየር ካርቦን ይስባል ብያለሁ። በዚያ ላይ ምድጃው ውስጥ ከነበረው እንጨት የተረፈ የከሰል ፍንጣሪ አብሮት ይቦካል። ሁለቱም በካርቦን 14 ዘዴ ይመረመራሉ፤ እንጨቱ መቼ ገደማ እንደተቆረጠ፣ ኖራው መቼ ገደማ እንደጠነከረ ሊነግሩ ይችላሉ። ያቺ በጓሏ ውስጥ ያየኋት ጥቁር ነጠብጣብ ትዝ ትለኛለች። ጓሏን በኪሴ ይዤ መጥቼ ቢሆን ኖሮ ከየትኛው ግድግዳ፣ ከየትኛው ፎቅ እንደወደቀች የሚያውቅ አይኖርም ነበር፤ እኔም መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ ለእንግዳ አሳያት ነበር።

በዚያ መንገድ የምትመላለሱ ሁሉ፣ አንድ ቀን እንፍራዝ ላይ «ወራጅ አለ» በሉ። ግድግዳውን ዳስሱት፣ ከጣና ጋር ፎቶ ተነሱ፣ የዶሮዎቹንም ታሪክ ስሙ። ከኖራው ግን ቁራሽ እንዳታነሱ፤ ከዚያ የወደቀ እዚያው ይደር።