ፓንቻያት፤ የሕንድ የመንደር ጉባኤ

በሕንድ አገር «ፓንች» ማለት አምስት ነውና፣ በጥንት ዘመን ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው የወሰንና የውሃ ጠብ ያበርዱ የነበሩት አምስት ሽማግሌዎች፣ ዛሬ ማኅተምና በጀት ላለው፣ በሕዝብ ድምፅም ለሚመረጠው የመንደር ምክር ቤት ስማቸውን አውርሰውታል፤ እርሱም ፓንቻያት ይባላል።

ስለዚህ ጉባኤ የአገሪቱ ልሂቃን አንድ ቃል አልነበሩም። ማኅትማ ጋንዲ የነጻነት መሠረቱ መንደር ነው ሲሉ፣ ሕገ መንግሥቱን በማርቀቅ የደከሙት ዶክተር አምቤድካር ግን፣ ከተናቁት ወገን ተወልደው የመንደርን ግፍ በገዛ ሰውነታቸው ቀምሰውት ነበርና፣ መንደር የድንቁርናና የጠባብነት ማደሪያ ነው ብለው ተከራክረዋል። ለእኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱም እውነት አላቸው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1950 የጸናው ሕገ መንግሥት ነገሩን በምክር መልክ ብቻ በአንቀጽ 40 አኖረው፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ኔህሩም በ1959 በራጃስታን፣ በናጋውር ከተማ ሥራውን መርቀው ቢከፍቱት፣ በየክፍለ ሀገሩ ምርጫው እየተጓተተ ደከመ። በሚያዝያ 1993 በሥራ ላይ የዋለው 73ኛው ማሻሻያ ግን ምርጫው በየ5 ዓመቱ እንዲደረግ፣ ከወንበሩም ሢሶው የሴቶች እንዲሆን አዘዘ።

ወንበር በአዋጅ ይሰጣል፤ የሒሳብ ዕውቀት ግን በአዋጅ አይሰጥም። ፊደል ያልቆጠረች ሴት የመንደሩ ሊቀ መንበር፣ በእነርሱ አጠራር ሳርፓንች፣ ሆና በተመረጠች ጊዜ፣ ጸሐፊው መዝገቡን ይዘረጋላታል፤ እርሷም አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ታትማለች፤ የተጻፈው ምን እንደሆነ የሚጠይቀውም ሆነ የሚመልሰው ከጎኗ የተቀመጠው ባሏ ነው። ሕንዶች ይህን ሰው «ሳርፓንች ፓቲ»፣ የሊቀ መንበሯ ባል፣ ይሉታል፤ ስም እስኪወጣለት ድረስ ተለምዷል ማለት ነው።

ይህን የዕውቀት ጉድለት አምርሮ የተዋጋው የኬረላ ክፍለ ሀገር ነው። በ1996 መንግሥቱ ከልማት ዕቅዱ ገንዘብ ከመቶ ከ35 እስከ 40 የሚሆነውን እጅ ለአካባቢ ምክር ቤቶች ለመልቀቅ ቆርጦ ሲነሣ፣ አስቀድመው ይሠልጥኑ የሚለውን የጠንቃቆች ምክር ወደ ጎን ትቶ፣ ገንዘቡንና ትምህርቱን አብሮ ላከ፤ ውሃ ውስጥ ሆኖ ዋና የማስተማር ያህል ነው። የመንደሩ ሰው በሙሉ ጉባኤ ተጠርቶ፣ እርሻ የሚያሳስበው በአንድ ወገን፣ ጤና የሚያሳስበው በሌላ ወገን፣ የሠለጠነ መሪ በየመካከሉ ተቀምጦ ይመክር ጀመር፤ ፈቃደኞችም ደብተር ይዘው አገሩን በእግራቸው እየዞሩ ምንጩን፣ ማሳውንና መንገዱን መዘገቡ። ከዚያ የወጣው የዕቅድ ወረቀት መጀመሪያ ላይ ስሕተት የበዛበት ስለ ነበረ፣ ጡረታ የወጡ መሐንዲሶችና ሐኪሞች ያለ ደመወዝ እየተሰበሰቡ ያርሙት ነበር። ዛሬም በትሪሹር ከተማ አጠገብ ያለው፣ በ1990 የተቋቋመው የአካባቢ አስተዳደር ማሠልጠኛ ተመራጮችን ያስተምራል።

ነገር ግን በብዙው የሕንድ ክፍል ለሴቶች የተለየው ወንበር በየምርጫው ከመንደር ወደ መንደር ይዛወራል። ሳርፓንቿ በአምስት ዓመት የሥልጣን ዘመኗ መጨረሻ፣ መዝገቡን ወደ ራሷ ስባ «ይህ ቍጥር ከየት መጣ?» ማለት በጀመረች ጊዜ፣ ወንበሩ ወደ ጎረቤት መንደር ይሄዳል፤ እዚያም አሠልጣኙ ትምህርቱን ከሀ ይጀምራል።