ከሽቦው ማዶ የሠፈረው ሕዝብ

የሆዳን ሠፈር የሚገኝበት ባልባላ ዛሬ ከጅቡቲ ከተማ ጋር ተዋህዷል። አመሠራረቱ ግን መራራ ነው። በነሐሴ 1966 እ.ኤ.አ. ጄኔራል ደ ጎል ከተማዋን ሲጎበኙ ሕዝቡ ለነጻነት በመሰለፉ፣ የፈረንሳይ ቅኝ ገዢዎች ብዙም ሳይቆዩ ከተማዋን በሽቦና በጥበቃ ማማ አጠሯት። የመግቢያ ወረቀት የሌለው መንገደኛ ከኬላው ሲመለስ ጎጆውን እዚያው ከአጥሩ ውጭ ቀለሰ። ሽቦ የታጠቀን ወራሪ ያዘገይ ይሆናል፤ ዳቦ ፈላጊን ግን ምን ያቆመዋል!

አሜሪካ በ1946 ለአቶሚክ ቦምብ ሙከራ ከቢኪኒ ደሴት ያነሣቻቸውን 167 ነዋሪዎች ሮንጌሪክ ወስዳ ጥላቸው ለረኀብ ተዳርገዋል። እነርሱን እንኳ ያሠፈረ መርከብ ነበር። የባልባላን ሰው መሬት መርቶ ያሠፈረው አልነበረም። ጅቡቲ በ1977 ነጻ ከወጣች በኋላም የኦጋዴን ጦርነት ያፈናቀላቸው ወደዚያው ጎረፉ፤ ሠፈሩ በይፋ የከተማዋ አካል የሆነው ግን በ1987 ነው።