ክራር፣ በገናና መሰንቆ፤ አውታራቸውና ቅኝታቸው



ክራር ሲባል ሰምቶ የማያውቅ የሐበሻ ልጅ የለም። ሆኖም ካርቱም ተወልደው ካደጉት ልጆቻችን መካከል ክራርን ከበገና የማይለዩ ብዙዎች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ሦስቱን ባለ አውታር መሣሪያዎች፣ ቀጥሎም ቅኝታቸውን እንመለከታለን።

ክራር፦ 5 ወይም 6 አውታሮች አሉት። ከታች ቆዳ የተለበጠ ገበቴ፣ ከገበቴው የሚነሡ ሁለት ምሰሶዎች፣ ከላይ ደግሞ አውታሮቹ የሚወጠሩበት ቀንበር አለው። አስናቀች ወርቁ፣ ሜሪ አርምዴና ካሳ ተሰማ በክራር ጨዋታቸው ይታወሳሉ።

በገና፦ የክራር ታላቅ ወንድም ነው ማለት ይቻላል። 10 አውታሮቹ ከአንጀት የሚሠሩ ሲሆን በአባቶች ትርጓሜ የዐሥርቱ ትእዛዛት ምሳሌ ናቸው። በአውታሩና በበርኩማው መካከል እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። አውታሩ ሲርገበገብ እርስዋን ስለሚነካ ያ ጥልቅና ነዛሪ ድምፅ ይወጣል። በገና ለጸሎትና ለምስጋና የሚደረደር ሲሆን በተለይ የዐቢይ ጾም መሣሪያ ነው።

መሰንቆ፦ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ አውታር ብቻ ያለው የአዝማሪ ጓደኛ ነው። በደጋን ይገዘገዛል፤ ጣቶች አውታሩን በተለያየ ቦታ ሲነኩት ድምፁ ይለዋወጣል።

ቅኝት ምንድን ነው?

ቅኝት አውታሮቹ እርስ በርሳቸው እንዲስማሙ የሚወጠሩበት ሥርዓት ነው። ዋና ዋናዎቹ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፆች ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ባቲና አምባሰል በወሎ የሚገኙ አገሮች ስምም ናቸው።

በአምስት ድምፅ የሚዘፍኑ ሌሎች ሕዝቦችም አሉ። የሰሜን ሱዳን ሰዎች ጣንቡር የክራር ዘመድ ነው፤ 5 አውታሮች አሉት። የመሐመድ ወርዲ ዘፈን ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ የማይሆነውም የሱዳን ሙዚቃ በአብዛኛው ባለ አምስት ድምፅ ስለሆነ ነው። ራቅ ብለን ወደ ሕንድ ብንሄድ፣ ሲታር ከ18 እስከ 21 አውታሮች አሉት፤ ብዙዎቹ ሳይመቱ ከሌሎቹ ጋር አብረው የሚያስተጋቡ ናቸው። ሕንዶች እንደ ቅኝት ያለውን ሥርዓታቸውን ራጋ ይሉታል። ቡፓሊ የተባለው የምሽት ራጋ አምስት ድምፆች ከአንዱ የትዝታ ዓይነት ድምፆች ጋር ይገጥማሉ፤ ይሁን እንጂ አጨዋወቱ ለየቅል ነው።

ሕንዶችም ሆኑ እኛ ይህን ሙያ በዋናነት የምንወርሰው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከመምህር አፍና እጅ ነው። በደርግ ዘመን (ከ1966 እስከ 1983 ዓ.ም.) በገና ከአደባባይ በራቀበት ጊዜ፣ ሙያው የተረፈው እንደ ዓለሙ አጋ ያሉ ባለሙያዎች በልባቸው ስለያዙት ነው።

ለስደተኛ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ክራር ጥሎ የተሰደደ ሰው በሰፈሩ ካገኘው እንጨትና ቆዳ ሌላ ሊሠራ ይችላል። ቅኝቱን የሚያውቅ ጆሮ ከጠፋ ግን ክራሩ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ እንጨት ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ክራር መምታት ወይም በገና መደርደር የምትችሉ ወላጆች በሳምንት አንድ ሰዓት እንኳ ቢሆን ልጆቻችሁን አስቀምጡና መጀመሪያ አቃኘቱን አሳዩአቸው። መምታት የማትችሉም ዜማውን አንጎራጉሩላቸው፤ ጆሮ የሚለምደው በመስማት ነውና።

ለተማሪዎች ጥያቄ
1. እንዚራ ለበገና ድምፅ ምን ታደርጋለች?
2. ጣንቡርና ክራር በምን ይመሳሰላሉ?
3. ከቤተሰባችሁ አራቱን ቅኝቶች ለይቶ የሚያውቅ ማን ነው? ጠይቃችሁ ኑ።