«ጋዝ አልቆበት ነው» ሲሏችሁ

ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የቤት ኤሲ የፎገራ ሜዳ ሰው ጉዳይ ነው፣ የኛ ጣጣ ፍሪጅ ነው። የሁለቱም አሠራር አንድ ስለሆነ እዚያ ወረታ ያላችሁም አንብቡት።

የሚያቀዘቅዘው ጋዝ እንደ ናፍጣ ተቃጥሎ አያልቅም። በዝግ ቧንቧ ውስጥ ይዞራል፤ ከጎደለ ሾልኳል ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይፈልግ የሞላላችሁ ሰው ገንዘባችሁን ነው ያተነነው። ደህና ባለሙያ ሽንቁሩን ይበይዳል፣ በናይትሮጅን ግፊት ይፈትሻል፣ አየርና እርጥበቱን በቫኪዩም ፓምፕ ያወጣል፣ ከዚያ ፍሪጁ ላይ የተጻፈውን ግራም መዝኖ ይሞላል። ቧንቧ እየዳሰሱ «በቃው» ማለት የለም! የጋዙ ዓይነት አር600ኤ የሚል ከሆነ ሌላ ጋዝ አታስሞሉ፤ ተቀጣጣይ ነውና ጋዙ ሳይወጣ መበየጃ እንዳይጠጋው።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ፍሪጁን 5 ደቂቃ ያህል ሳትቆዩ አትሰኩት፤ ግፊቱ ሳይረጋጋ ሲነሳ ኮምፕሬሰሩ ይጎዳል።