ክፍት ፖርትና ከጀርባው ያለው ፕሮግራም

በኢትዮጵያ ደብዳቤ በአብዛኛው የሚታደለው በፖስታ ሣጥን በመሆኑ፣ የከተማው ስም ደብዳቤውን እስከ ነቀምቴ ፖስታ ቤት ያደርሰዋል፤ ወለጋ ዩኒቨርሲቲ እጅ የሚያስገባው ግን የሣጥን ቁጥሩ፣ 395፣ ነው። በኮምፒዩተር መረብም የአይፒ አድራሻ መልእክቱን እስከ ሰርቨሩ፣ ማለትም ለሌሎች ኮምፒዩተሮች አገልግሎት እስከሚሰጠው ማሽን፣ ሲያደርሰው፣ የትኛው ፕሮግራም እንደሚቀበለው የሚወስነው ፖርት የሚባለው ቁጥር ነው። ቁጥሩ በ16 ቢት ስለሚጻፍ ከ0 እስከ 65535 ይዘልቃል፤ 443 ለተመሰጠረ ድረ ገጽ፣ 22 ኤስኤስኤች ለተባለው የርቀት መቆጣጠሪያ፣ 3306 ማይኤስኪውኤል ለተባለው የመረጃ ቋት ያገለግላሉ።

ፖርት ክፍት ነው የሚባለው ጥሪ የሚጠብቅ ፕሮግራም ሲኖረው ስለሆነ፣ ክፍትነት በራሱ ጉድለት አይደለም፤ ያለ ክፍት ፖርት አገልግሎት የሚሰጥ ሰርቨርም የለም። አደጋው ያለው ማንም በማያስታውሰው ፖርት ላይ ነው። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም ከ150 በላይ አገሮችን ያዳረሰው፣ ዊንዶውስ ፋይል በሚጋራበት በፖርት 445 በኩል ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን ያወጣው ከሁለት ወር በፊት ነበር።

በአርጆ ከተማ የአንድ ጽሕፈት ቤት ሰርቨር ቢፈተሽ፣ ፍተሻው ከውስጥም ከውጭም መሆን አለበት። ከውስጥ፣ በሊኑክስ ላይ ኤስኤስ የተባለው ትእዛዝ የሚያዳምጡትን ፕሮግራሞች ይዘረዝራል፤ እዚህ ላይ ከፖርቱ ቁጥር ይልቅ አድራሻው በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል፤ ምክንያቱም በ127.0.0.1 ላይ የሚያዳምጥ የመረጃ ቋት የሚሰማው ከዚያው ማሽን የሚመጣን ጥሪ ብቻ ሲሆን፣ በ0.0.0.0 ላይ ያለው ግን በማናቸውም የማሽኑ አድራሻ የሚደርሰውን ሁሉ ይቀበላል። ከውጭ ደግሞ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት ኤንማፕ የተባለው ፕሮግራም ፖርቶቹን እየጠራ መልሳቸውን ይመዘግባል፤ ጥሪውን የተቀበለው ክፍት፣ እምቢታ የመለሰው ዝግ ነው፤ ዝም ያለው አብዛኛውን ጊዜ ፋየርዎል፣ ማለትም በመንገድ ላይ እንደ ኬላ የሚያጣራ ፕሮግራም ወይም መሣሪያ፣ ያስቀረው ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው ሥርዓት መግባትን ስለሚከለክል፣ ፍተሻው በራስ ሰርቨር ወይም በባለቤቱ ፈቃድ ብቻ ይደረግ።

ፍተሻው ያሳየው አላስፈላጊ አገልግሎት በእጅ ብቻ እንዲቆም ከተደረገና ከሰርቨሩ ማስነሻ ዝርዝር ካልተሰረዘ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ከሰርቨሩ ጋር ተነሥቶ ፖርቱን መልሶ ይከፍታል። ስለዚህ ሰርቨር የሚጠብቅ ባለሙያ መብራት በተመለሰ ቁጥር የሚያዳምጡትን ፕሮግራሞች ዝርዝር እንደገና ይመልከት።